«ደጋግማ ታነባለች፤ ፈተና ላይ ግን ይጠፋባታል»፦ ስለ 12ኛ ክፍል ጥናትና ጭንቀት ለአንዲት እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሆነችባቸው እናት እንደጻፉት፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከተመለሰች በኋላ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ታጠናለች፤ መጽሐፎቿ በቀለም ተሰምረው አልቀዋል፤ አንዱን ምዕራፍ ሦስት አራት ጊዜ አንብባ «ገብቶኛል» ብላ ትተኛለች። ሞዴል ፈተና ላይ ስትቀመጥ ግን እጇን ያልባታል፣ ልቧ ይመታል፣ ያነበበችው ሁሉ ይጠፋባታል። እናትየው ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ያጠናችው ለምን አይቆይላትም? ጭንቀቷን ለማቅለል በጥናት የተረጋገጠ ነገር አለ? እኔስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየቀሰቀስኩ ማስጠናቴና ውጤቷን በየጊዜው መጠየቄ ይጠቅማታል ወይስ ይጎዳታል? ብሔራዊ ፈተናው አምስት ወር ያህል ቀርቶታል።

የባለሙያው ምላሽ፦

የተከበሩ እናት፣

ሦስቱን ጥያቄዎች ለያይተው ቢያቀርቧቸውም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ይመስሉኛል። ልጅዎ ትጉ ናት። ትጋቷ ያረፈበት የአጠናን ዘዴ ግን እውቀትን ወደ ውስጥ ማስገባትን ብቻ የሚያለማምድ ነው፤ ፈተና የሚጠይቀውን፣ ማለትም የገባውን መልሶ ማውጣትን፣ አያለማምድም። ስለዚህ ፈተና ክፍል ስትገባ አንድም ቀን ያልተለማመደችውን ሥራ፣ ያውም በሰዓት ተወስኖ፣ እንድትሠራ ትጠየቃለች፤ ቢጠፋባትም ብትደነግጥም የሚያስገርም አይደለም። በትምህርት ሥነ ልቦና ዘርፍ የተሠሩ በርካታ ጥናቶች የሚያመለክቱት ወደዚሁ ነው። ተስፋ የሚሰጠውም፣ ትምህርቱ እንዲቆይ የሚያደርገው ዘዴ ጭንቀቱንም የሚያቀል ሆኖ መገኘቱ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ልጅዎ የምትፈራው ነገር በእርግጥ የሚያስፈራ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ይፋ ባደረገው መሠረት ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር እያወቀች «አይዞሽ፣ ቀላል ነው» የምትባል ልጅ የሚሰማት ሰው እንዳልተረዳት ነው። እንዲህ ያለውን ውጤት በተማሪ ስንፍና ብቻ መግለጽም አግባብ አይደለም፤ የመምህር እጥረት፣ መጽሐፍ ያልደረሰው ክፍል፣ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት፣ በወረርሽኝና በጦርነት የተቋረጠ የትምህርት ዘመን ሁሉ አሉበት። ከዚህ በታች የማብራራው የአጠናን ዘዴ እነዚህን ጉድለቶች አይተካም። በእጇ ባለው ጊዜና መጽሐፍ ሊገኝ የሚችለውን ሁሉ እንድታገኝ ግን ያስችላታል።

አሁን «ያጠናችው ለምን አይቆይላትም?» ወደሚለው እንምጣ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን እያጠና ራሱን በራሱ ሲፈትን ከቆየ በኋላ፣ የተጠና ነገር በብዛት የሚጠፋው ከጥናቱ ቀጥለው ባሉት ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ አሳይቷል። መርሳት እንግዲህ የሰው ሁሉ ተፈጥሮ ነው እንጂ የልጅዎ ጉድለት አይደለም። መጠየቅ ያለበት ምን ቢደረግ ይቀንሳል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥርት ያለ መልስ ከሰጡት ጥናቶች አንዱ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በ2006 ያሳተሙት ነው። ተማሪዎች አጫጭር የሳይንስ ጽሑፎች ተሰጧቸው። አንደኛው ቡድን በአራት የጥናት ጊዜያት ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው ቡድን በመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ካነበበ በኋላ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ እነርሱ 83 በመቶ ሲያስታውሱ ሌሎቹ 71 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት ወደ 40 በመቶ ሲያሽቆለቁሉ ራሳቸውን ሲፈትኑ የነበሩት 61 በመቶ አስታወሱ። ከሁሉ በላይ የእርስዎን ልጅ የሚመለከተው ደግሞ ይህ ነው፤ ተማሪዎቹ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲጠየቁ ይበልጥ ተማምነው የነበሩት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው።

ስለዚህ ልጅዎ ማታ «ገብቶኛል» ስትል ከልቧ ነው። አንድ ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ ዓይን ይለምደዋል፤ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መጨረሻው ይታወቃል፤ የተሰመረበት ቀለም ራሱ «ይህን አውቀዋለሁ» ያሰኛል። ይህ ስሜት ግን ገጹን የማወቅ እንጂ ትምህርቱን የማወቅ ስሜት አይደለም፤ መጽሐፉ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። በ2013 ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ ተማሪዎች የሚጠቀሙባቸውን አሥር የአጠናን ዘዴዎች በዘርፉ ከተሠሩ ጥናቶች ጋር አመሳክረው ሲመዝኑ ከፍተኛ ጥቅም አላቸው ያሏቸው ሁለቱን ብቻ ነው፤ እነዚህም ራስን መፈተንና ጥናትን በጊዜ አከፋፍሎ ማጥናት ናቸው። ደጋግሞ ማንበብና ማስመር ዝቅተኛ ጥቅም አላቸው ከተባሉት ተርታ ተመደቡ። ተማሪዎቻችን አብዝተው የሚደክሙባቸው እነዚሁ ሁለቱ መሆናቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አለመሆኑንም ማስታወስ እወዳለሁ። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው የተቀበለውን ትምህርት በቃሉ ለመምህሩ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ በቁርአን ትምህርት ቤትም ልጆች የያዙትን በየጊዜው ለኡስታዛቸው ያሰማሉ። ሁለቱም ጋ ትምህርቱ ከተማሪው አፍ እስኪወጣ ድረስ እንደተያዘ አይቆጠርም። በዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ይህ ልማድ «ሽምደዳ» ተብሎ ሲነቀፍ ኖሯል፤ ትርጉሙን ሳይረዱ መሸምደድ መነቀፉ ትክክል ነው። ነገር ግን ከነቀፌታው ጋር አስታውሶ የማሰማቱ ልማድም አብሮ መጣሉ ጎድቶናል ብዬ አምናለሁ።

በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ልጅዎ ዛሬ በባዮሎጂ ፎቶሲንተሲስን ልታጠና ነው እንበል። አምስት ወይም ስድስት ገጽ አንድ ጊዜ፣ ሳትቸኩል፣ ያልገባትን ቦታ እየጠየቀች ታንብብ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ ከአጠገቧ ታርቀው፤ ባዶ ወረቀት ትውሰድና የምታስታውሰውን ሁሉ ትጻፍ። የብርሃን ጥገኛው ሂደት የት ይካሄዳል? ታይላኮይድ ላይ። ምን ያስገኛል? ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች። ካልቪን ዑደትስ? ስትሮማ ውስጥ። ኦክስጅኑ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ «ከካርቦን ዳይኦክሳይድ» ብላ ትጽፍ ይሆናል፤ ብዙ ተማሪዎች እንዲያ ይጽፋሉ። ምንም ካልመጣላት ቶሎ መጽሐፉን አትግለጥ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታስብ። በመጨረሻ መጽሐፉን ገልጣ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ታርም፤ ኦክስጅኑ የሚመጣው ከውኃ መሰንጠቅ መሆኑን ስታይ ያ እርማት በቀላሉ አይረሳትም። ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ያለ ምንም ንባብ በቀጥታ ከባዶ ወረቀት ትጀምር። በእርማት ቀለም የተሞላው ወረቀት ምን ማጥናት እንዳለባት ይነግራታል፤ በዚህም ምክንያት የምታውቀውን ደግሞ በማንበብ የሚባክነው ሰዓት ይቀንስላታል።

«ፈተናው ምርጫ ስለሆነ መልሱን ሲያዩት ማወቅ በቂ ነው» የሚሉ ተማሪዎች ያጋጥሙኛል። በደንብ የተዘጋጀ የምርጫ ጥያቄ ግን የተሳሳቱትን አማራጮች የሚያዋቅረው ተማሪዎች ከሚሠሯቸው የተለመዱ ስህተቶች ነው፤ ገጹን ብቻ የለመደ ዓይን አራቱንም አማራጮች «የማውቃቸው» ሆነው ያገኛቸዋል። ስለዚህ የቀደሙ ዓመታት ፈተናዎችን ስትሠራ አማራጮቹን በወረቀት ሸፍና መጀመሪያ የራሷን መልስ ትስጥ፣ ከዚያ ትግለጥ። የመልስ ቁልፉን አጠገብ አስቀምጦ ጥያቄና መልስ ማንበብ ግን ያው ንባብ ነው፤ እንደ ልምምድ አይቆጠርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜን ማከፋፈል ነው። ኒኮላስ ሴፔዳና ባልደረቦቹ በ2008 ባሳተሙት ጥናት ከ1,350 በላይ ሰዎች ልዩ ልዩ መረጃዎችን አጥንተው በተለያየ የጊዜ ልዩነት እንዲከልሱ፣ ከዚያም እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ እንዲፈተኑ አድርገው ነበር። ፈተናው ከሳምንት በኋላ ለሆነበት ሰው የተሻለው የክለሳ ልዩነት አንድ ቀን ያህል ሲሆን፣ ከ70 ቀን በኋላ ለሆነበት ግን ሦስት ሳምንት ያህል ሆኖ ተገኘ። ፈተናው በራቀ መጠን በክለሳዎቹ መካከል ያለው ጊዜም መርዘም አለበት ማለት ነው። አምስት ወር ለቀራት ልጅ ይህ የሚጠቅም ዜና ነው፤ እያንዳንዱን ምዕራፍ በተጠና በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዴ፣ ከዚያ በሦስትና አራት ሳምንት ልዩነት ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ራሷን እንድትፈትንበት ማድረግ ይቻላል። «ፊዚክስን በጥር ጨርሼ፣ ኬሚስትሪን በየካቲት» የሚለው የብዙ ተማሪዎች ዕቅድ ሥርዓት ያለው ቢመስልም፣ የጥሩ ፊዚክስ በሰኔ ምን ያህል እንደሚቀር ሳስብ ያሳስበኛል። በሳምንቱ ውስጥ ሁሉም ትምህርቶች ቢዳረሱ ይሻላል።

ሒሳብና ፊዚክስን በሚመለከት የምጨምረው አለኝ። የምዕራፍ መጨረሻ መልመጃዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ተማሪው የትኛውን ቀመር እንደሚጠቀም ከምዕራፉ ርዕስ ስለሚያውቅ ጥያቄውን ማንበብ እንኳ ብዙም አያስፈልገውም። ፈተናው ላይ ግን ርዕስ የለም። በሳውዝ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት ማስላት ከተማሩ ተማሪዎች መካከል አንድ ዓይነቱን ጨርሰው ወደ ሌላው ያለፉት በልምምዱ ጊዜ 89 በመቶ ሲያገኙ፣ ጥያቄዎቹን ቀላቅለው የሠሩት 60 በመቶ ብቻ አገኙ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን የመጀመሪያዎቹ 20 በመቶ፣ ቀላቅለው የሠሩት 63 በመቶ አመጡ። በልምምድ ወቅት የሚያዘገይና የሚያስቸግር መንገድ የኋላ ኋላ የተሻለ ውጤት የሚሰጥበት ምክንያት ተማሪው ስሌቱን ብቻ ሳይሆን ስሌቱን መምረጥንም ስለሚለማመድ ነው። ስለዚህ ከአራትና አምስት ምዕራፎች ጥያቄዎችን አውጥታ፣ ቅደም ተከተላቸውን አፋልሳ፣ ከየትኛው ምዕራፍ እንደሆኑ ሳይጻፍባቸው ትሥራ።

ይህን አካሄድ ስትጀምር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዷታል። በማንበብ «ጨርሼዋለሁ» ስትለው የነበረው ምዕራፍ ባዶ ወረቀት ላይ ሩቡ ብቻ ሲወጣላት ልትደነግጥ፣ «እንዲያውም ባሰብኝ» ልትልም ትችላለች። ያን ጊዜ እርስዎ ከጎኗ ሆነው፣ ቀድሞም የነበረው ክፍተት አሁን በጊዜ ታየ እንጂ አዲስ ክፍተት እንዳልተፈጠረ ቢነግሯት ትልቅ እርዳታ ነው።

ወደ ጭንቀቱ ልለፍ። ሊበርትና ሞሪስ በ1967 የፈተና ጭንቀት ሁለት ክፍሎች እንዳሉት ለይተው አሳይተዋል። አንዱ የአካልና የስሜት መነሣሣት ነው፤ የልብ ምት፣ የእጅ ላብ፣ የሆድ መረበሽ። ሁለተኛው በአእምሮ ውስጥ የሚመላለሰው ስጋት ነው፤ «ብወድቅስ? እናቴ ምን ትላለች? ይኼ ጥያቄ ጠፋብኝ፣ የሚቀጥለውም ይጠፋብኛል።» ውጤትን በይበልጥ የሚጎዳው ይህ ሁለተኛው ነው። ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ ሊያሰላስል የሚችለው ነገር ውሱን ነው፤ ስጋቱ ያን ውሱን ቦታ ሲይዘው ለጥያቄው የሚተርፈው ያንሳል። በዚያ ላይ በከፍተኛ ጭንቀት ጊዜ የሚመነጨው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን የተጠና ነገርን አስታውሶ ማውጣትን እንደሚያደናቅፍ ታውቋል። እናም ልጅዎ «ጠፋብኝ» ስትል ሰበብ እየፈለገች አይደለም።

ከላይ «አንዱ ዘዴ ለሁለቱም» ያልኩት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ኤሚ ስሚዝ፣ ቪክቶሪያ ፍለርኪና አያና ቶማስ በ2016 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት 120 ሰዎች ቃላትንና ሥዕሎችን አጠኑ፤ ግማሾቹ ደጋግመው በማየት፣ ግማሾቹ ራሳቸውን በመፈተን። በማግሥቱ ከፊሎቹ በሰው ፊት ንግግር እንዲያደርጉና የሒሳብ ጥያቄ እንዲሠሩ ተደርገው ሆን ተብሎ እንዲጨነቁ ተደረገ። ደጋግመው በማየት ያጠኑት ሲጨነቁ የማስታወስ ችሎታቸው ቀነሰ፤ ራሳቸውን በመፈተን ያጠኑት ግን ተጨንቀውም ካልተጨነቁት አላነሱም። አንድ ጥናት ብቻውን የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ሆኖም ከሌላ አቅጣጫ የሚደግፈው አለ። ፑጃ አጋርዋልና ባልደረቦቿ በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በክፍላቸው ውስጥ ውጤት የማይያዝበት አጫጭር ፈተና ዘወትር ይሰጣቸው ከነበሩ 1,408 የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል 72 በመቶዎቹ ይህ ልምምድ ለዋናው ፈተና የነበራቸውን ፍርሃት እንደቀነሰላቸው ተናግረዋል። ብዙ ወላጆች «ፈተና ስለምትፈራ ከፈተና እናርቃት» ይላሉ፤ መረጃው የሚያሳየው ግን ውጤት የማይያዝበትን ትንንሽ ፈተና ማብዛት እንደሚያረጋጋ ነው። «ውጤት የማይያዝበት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። በየቀኑ የሚሰጥና በየቀኑ ውጤቱ የሚወቀስበት ፈተና ይህን ፋይዳ ያጣል።

ስለ ሌሎቹ የጭንቀት ማቅለያ መንገዶችም በግልጽ ልናገር፤ ምክንያቱም በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ይወራል። ጄራርዶ ራሚሬዝና ሳያን ባይሎክ በ2011 ባወጡት ጥናት ከፈተና በፊት ለአሥር ደቂቃ ስጋትን በወረቀት ላይ መጻፍ የፈተና ጭንቀት ያለባቸውን ተማሪዎች ውጤት እንዳሻሻለ ዘግበው ነበር፤ ይህም በስፋት ተወራ። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች በታወቁ መጽሔቶች ላይ የወጡ 21 ጥናቶችን እንደገና ሲሠሩ ግን ያንኑ ውጤት ካልሰጡት መካከል ይህ አንዱ ነበር። ስለዚህ ልጅዎ መጻፍ የሚያቀልላት ከሆነ ትጻፍ፣ ጉዳት የለውም፤ ውጤት ያሳድጋል ብዬ ግን አልመክርም። የልብ ምትን «ሰውነቴ ለሥራ እየተዘጋጀ ነው» ብሎ መተርጎም እንደሚያግዝ የጄሬሚ ጄሚሰንና የባልደረቦቹ የ2010 ጥናት አሳይቷል፤ ቀላልና ወጪ የማይጠይቅ በመሆኑ ቢሞከር እወዳለሁ። ቀስ ብሎ መተንፈስም በዚያች ቅጽበት አካልን ለማረጋጋት ይረዳል። እነዚህ ሁሉ ግን ዝግጅቱ ላይ የሚጨመሩ ናቸው፤ ያልተዘጋጀን ሰው አያስታውሱትም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስለ መቀስቀስዎ። በቀጥታ ልንገርዎት፣ ያቁሙት። በ6 ሰዓት ተኝታ በ10 ሰዓት የምትነሣ ልጅ የምትተኛው አራት ሰዓት ነው፤ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ቀን የተጠናው በአእምሮ ውስጥ የሚጸናው በአብዛኛው በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ፣ ከእንቅልፍ የተወሰደው ሰዓት ከጥናቱም የተወሰደ ነው። ካሪ ጊለን-ኦኒልና ባልደረቦቿ በሎስ አንጀለስ 535 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተከታትለው በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ከልማዳቸው በላይ ለማጥናት ሲሉ እንቅልፍ ባጎደሉ ማግሥት ክፍል ውስጥ ትምህርቱን መረዳት ይበልጥ ይቸግራቸው፣ በፈተናም ይበልጥ ይሳሳቱ ነበር። በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ደግሞ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ለአንድ ሴሚስተር እንቅልፍን የሚመዘግብ የእጅ ማሰሪያ አድርገው በተደረገው የ2019 ጥናት፣ ከውጤት ጋር ግንኙነት የታየበት የፈተናው ዋዜማ እንቅልፍ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበሩት ሳምንታት እንቅልፍ ነው። ይህ የምክንያትና የውጤት ማረጋገጫ ባይሆንም፣ በዋዜማው እንቅልፍ እምቢ ቢላት መሸበር እንደማይገባት ለመንገር ይጠቅማል። ሌሊቱን ለማንጋት ሲባል ጫትና ብዙ ቡና መጠቀም በተማሪዎች ዘንድ እየተለመደ መምጣቱንም አይቻለሁ፤ ሁለቱም የልብ ምትን ስለሚጨምሩና እንቅልፍን ስለሚነሡ ጭንቀት ላለባት ልጅ በእሳት ላይ ቤንዚን ናቸው። ዘዴዋን ከቀየረች ለጥናት የሚያስፈልጋት ሰዓት ራሱ ይቀንሳል፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ መጽሐፍ ብትዘጋ ኪሳራ የለውም።

ውጤቷን ስለ መጠየቅዎ። ሊተዉት አይገባም፤ ጥያቄው ግን ይቀየር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ስንት አመጣሽ?» ተብላ የምትጠየቅ ልጅ በፈተናው ሰዓትም ይህንኑ ጥያቄ እየሰማች ትፈተናለች፤ ከላይ ያልኩት የስጋት ሐሳብ ከዚህ ይመገባል። በምትኩ «ዛሬ ባዶ ወረቀት ላይ ያልወጣልሽ የቱ ነው? እስኪ ለእኔ አስረጂኝ» ይበሏት። እርስዎ ፊዚክስ ባያውቁም ግድ የለም፤ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ራሱ ከአእምሮ አውጥቶ የመናገር ልምምድ ነው፣ የት ላይ እንደተደናቀፈች ከእርስዎ በፊት እርሷ ታውቀዋለች። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማነጻጸርን ግን ፈጽሞ ይተዉት። ለአስጠኚ የሚከፍሉት ገንዘብ ካለም አስጠኚው ሲናገር እርሷ የምታዳምጥበት ሰዓት እንዳይሆን ይከታተሉ፤ እርሷ ሠርታ እርሱ የሚያርምበት ይሁን።

ፈተናው ከቤት ርቆ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚሰጥ መሆኑም ራሱን የቻለ ዝግጅት ይፈልጋል። ለብዙ ልጆች ከቤተሰብ ተለይተው ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ ፍተሻው፣ ስልክ አለመኖሩ ሁሉ አዲስ ነው። ከመሄዷ በፊት ባሉት ወራት ሁለት ሦስት ጊዜ ያህል ሙሉ ሞዴል ፈተና ከቤት ውጭ፣ በማታውቀው ክፍል፣ ሰዓት ተይዞ፣ ያለ ስልክ እንድትሠራ ያመቻቹላት። በዚያ ልምምድ ውስጥ ለጠፋባት ጥያቄ ምን እንደምታደርግ አስቀድማ ትወስን፤ ምልክት አድርጋ ታልፋለች፣ የምትችለውን ትጨርሳለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። በድንጋጤ ሰዓት አዲስ ውሳኔ መወሰን ከባድ ስለሆነ ውሳኔው ቀድሞ የተለመደ መሆን አለበት። ካልተሳካላትም የሪሚዲያል (የአቅም ማሻሻያ) ፕሮግራምም ሆነ የሙያና የቴክኒክ ሥልጠና መንገዶች መኖራቸውን ከፈተናው በፊት፣ በተረጋጋ ቀን፣ አብራችሁ ተነጋገሩ፤ አንድ በር ብቻ አለ ብሎ የሚያምን ሰው በዚያች በር ላይ የሚደርስበት ጭንቀት ከአቅም በላይ ይሆናል።

በመጨረሻ፣ እስካሁን የተናገርኩት ለተለመደው የፈተና ጭንቀት ነው። ልጅዎ ፈተና በሌለበት ጊዜም እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከዘጋት፣ ከጓደኞቿ ከራቀች፣ ድንገት ትንፋሽ እያጠራት የምትደነግጥ ከሆነ፣ ወይም «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ፣ ይህ በአጠናን ዘዴ የሚፈታ አይደለም። እንዲህ ያለውን ቃል ማስፈራሪያ ነው ብለው አይለፉት፤ በቀጥታ ይጠይቋት፣ ብቻዋን አይተዋት፣ በአቅራቢያዎ ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል፣ አዲስ አበባ ከሆኑም በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ባለሙያ እንዲያያት ያድርጉ። ለዚህ የፈተናው ጊዜ እስኪያልፍ አይጠበቅም።